ማሳችን ላይ ችካል ሲተከል

ጤፍ በተዘራበት ማሳ ዳር አንድ ቀን ጫፉ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ ይገኛል። ማን እንደተከለው የሚናገር ሰው በአካባቢው የለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሜትር የያዙ ሰዎች ይመጣሉ፤ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። ከነሱ ኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣል። እሱ ሜትር አልያዘም፤ ስልክ ነው የያዘው። ችካልም አይተክልም፤ ወሬ ነው የሚተክለው። ይህ ሰው ደላላ ይባላል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች አጠገብ የሚያርስ ገበሬ ሁለቱንም በደንብ ያውቃቸዋል። በዚህ ትምህርት ስለ ሁለቱም እንነጋገራለን። ችካሉ ከየት መጣ? ደላላው ለምን ችካሉን ተከትሎ ይመጣል? በመካከላቸው የቆመው ገበሬ ምን ማወቅ አለበት?

ከተማ ወደ ማሳ የሚመጣበት መንገድ

አዲስ አበባ ሁልጊዜ እንዲህ ትልቅ አልነበረችም። በ1879 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ስትቆረቆር ፍልውሃ አጠገብ ያለች ትንሽ ሰፈር ነበረች። በዙሪያዋ የኦሮሞ ገበሬዎች ያርሱ ነበር፤ ከብትም ያረቡ ነበር። ዛሬ ከተማዋ በየአውራ ጎዳናው ወጥታለች። በአምቦ መንገድ ስንሄድ ቡራዩን እናገኛለን። በጅማ መንገድ ሰበታ አለች። እንጦጦን ተሻግረን በጎጃም መንገድ ስንወርድ ሱሉልታ ናት። በቢሾፍቱ መንገድ ገላን፣ በደሴ መንገድ ደግሞ ለገጣፎና ለገዳዲ አሉ። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል እነዚህን ከተሞች አንድ ላይ አድርጎ ሸገር ከተማ የሚባል አስተዳደር አቋቋመ።

የለገዳዲ ስም ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ለገ በኦሮምኛ ወንዝ ነው፤ ዳዲ ደግሞ ጠጅ። የጠጅ ወንዝ እንደማለት ነው። ከወንዙ ጠጅ ባይቀዳም ውሃ ይቀዳል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የለገዳዲ ግድብ እስከ ዛሬ አዲስ አበባን ያጠጣል። ከተማው ከለገዳዲ መጀመሪያ የፈለገው ውሃውን ነበር። መሬቱን የፈለገው ኋላ ነው።

ከተማ ለምን ይሰፋል? ሰው ይወለዳል፤ ከገጠርም ሥራ ፍለጋ ይገባል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ምክንያት ግን አለ። የከተማው መሐል ሲታደስ እዚያ የነበረው ድሃ ወደ ዳር ይወጣል። በአዲስ አበባ የልደታ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ፣ በ2017 ዓ.ም. ካሳንቺስ እንዲሁ ፈረሱ። ኪራዩ ይወደድና በጥቂት ብር ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረ ሰው ርካሽ ቦታ ፍለጋ ወደ ዳር ይመጣል። ሀብታሙ ደግሞ ጭስና ጫጫታ ሸሽቶ፣ አጥር ያለው ሰፊ ግቢ ፈልጎ ወደዚያው ወደ ዳር ይመጣል። ለዚህኛው ቤት እየሠራ የሚሸጥ ድርጅት ሪል እስቴት ይባላል። በለገጣፎ በኩል ያለፈ ሰው በር ላይ ጥበቃ የቆመባቸውን እነዚህን መንደሮች አይቷቸዋል።

እንግዲህ ድሃውም ሀብታሙም የሚገናኙት የት ነው? ገበሬው ማሳ ላይ ነው። ሀብታሙ በድርጅትና በመንግሥት በኩል ይመጣል፤ ድሃው በደላላ በኩል ይመጣል። ችካሉና ወሬው የሚከታተሉት ለዚህ ነው።

መሬቱ የማን ነው?

ከ1967 ዓ.ም. በፊት ብዙው ገበሬ ጢሰኛ ነበር። ያመረተውን ለባለርስቱ ያካፍላል፤ ባለርስቱ ሂድ ሲለው ይሄዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የጢሰኛና የባለርስት ግንኙነት በዚያ ቀረ። ይኸው አዋጅ መሬት መሸጥንና መለወጥን ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ቀጠለ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ገበሬው ደግሞ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልገው የግል ንብረትን መውሰድ ይችላል፤ ሲወስድ ግን ለንብረቱ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ልብ እንበል። አንደኛው "አስቀድሞ" የሚለው ነው። ካሳ የሚከፈለው ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ አይደለም። ሁለተኛው "ንብረት" የሚለው ነው። መሬቱ የገበሬው የግል ሀብት ስላልሆነ ለመሬቱ ዋጋ አይከፈልም። የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ላለው ነው፦ ለቤቱ፣ ለአጥሩ፣ ለባሕር ዛፉ፣ ለጌሾው፣ ለጉድጓዱ፣ መሬቱን ለማሻሻል ለደከመበት ጉልበት። በተጨማሪም ከመሬቱ ያገኝ የነበረው ገቢ ስለሚቋረጥበት የመፈናቀያ ካሳ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የካሳ ደንብ የመቃብር ቦታ ሲነሳም ካሳ እንደሚከፈል ጽፎ ነበር። አባቶቻችን ያረፉበት ቦታ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ያህል ቦታ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስሌቱን እንሥራ

ቁጥር የተማርነው ለዚህ ነው። እስቲ ወረቀትና እርሳስ እናንሳ።

አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። በብዙ ቦታ 4 ጥማድ ያህል ይሆናል። አንድ ካሬ ሜትር ማለት በሁሉም ጎን አንድ አንድ ሜትር የሆነ ቦታ ነው፤ አንድ ሰው እግሩን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ያህል። ገበሬ መሬቱን በጥማድ ያውቀዋል። ከተማ የሚያውቀው በካሬ ሜትር ነው። ገበሬው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ እሱ በጥማድ እያሰበ ሌላው በካሬ ሜትር ያሰላል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 የሚከተለውን ይል ነበር። መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የመጨረሻዎቹ 5 ዓመታት ገቢው ተደምሮ አማካዩ ይወሰድና በ10 ይባዛል። አንድ ምሳሌ እናውጣ። ገበሬው ከአንድ ሄክታር በዓመት 15 ኩንታል ጤፍ ያገኛል እንበል። የኩንታሉ ዋጋ 1,000 ብር ነው እንበል። የዓመት ገቢው 15,000 ብር ነው። በ10 ሲባዛ 150,000 ብር ይሆናል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ብር አንድ ላይ ያየ ገበሬ ጥቂት ነበር፤ ብዙ ይመስላል። ለ10,000 ካሬ ሜትር ስናካፍለው ግን ለአንዱ ካሬ ሜትር የደረሰው 15 ብር ነው።

መንግሥት የከተማ ቦታ ሲሰጥ በሊዝ ይሰጣል። ሊዝ ማለት ለብዙ ዓመት የሚቆይ የቦታ ኪራይ ነው። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ በጨረታ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300,000 ብር በላይ የሰጠ ነጋዴ ተገኝቷል። በርግጥ መርካቶና የጤፍ ማሳ አንድ አይደሉም። መንገድ፣ ውሃና መብራት ሲገባ ቦታ ይወደዳል፤ ያም ወጪ አለው። ይህን ሁሉ ቀንሰን ብናስበው እንኳ በ15 ብርና ከተማ በሚከፍለው መካከል ያለው ልዩነት ገደል ነው። ያንን ልዩነት የበላው ገበሬው አይደለም። በዙሪያችን ለተነሳው ቅሬታ ሥሩ ይህ ይመስለናል።

ቅሬታው ዋጋ አስከፍሏል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ማስተር ፕላን ለማያያዝ የተዘጋጀው ሐሳብ በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሳ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ጀምሮ እንደገና ተቀጣጠለ። ብዙ ሰው ሞተ፤ ከሞቱት ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ። በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ። ፕላኑ ቀረ፤ ከተማው መስፋቱን ግን አላቆመም።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ወጣና አሮጌውን አዋጅ ተካው። ስሌቱም ተለወጠ። አማካዩ ቀረና ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ እንዲወሰድ ተደረገ፤ የሚባዛውም በ15 ሆነ። እስቲ እንደገና እናስላ። ጤፉ እንደበፊቱ 15 ኩንታል ነው፤ ዋጋው ግን 10,000 ብር ሆኗል እንበል። ገቢው 150,000 ብር ነው። በ15 ሲባዛ 2,250,000 ብር ይሆናል። ለካሬ ሜትር 225 ብር ደረሰ ማለት ነው።

ከአሮጌው ይሻላል። ነገር ግን ሌላ ሒሳብ እንሥራ። ቤተሰቡ በዓመት 150,000 ብር ቢያወጣ ገንዘቡ በ15 ዓመት ያልቃል። ዛሬ የ5 ዓመት ሕፃን የሆነው ልጅ ያን ጊዜ 20 ዓመት ይሞላዋል። ጎጆ የሚቀልስበት፣ በሬ የሚጠምድበት ዕድሜው ነው፤ መሬቱም የለም፣ ገንዘቡም የለም። ኑሮ ከተወደደ ደግሞ 15 ዓመትም አይቆይም። ማሳ ግን በየዓመቱ ይታጨዳል እንጂ አያልቅም። ካሳ ሲሰላ ይህ ልዩነት በወረቀቱ ላይ አይታይም።

አዋጁ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ተደርጎበታል። ስለዚህ ችካል የተተከለበት ሰው በጎረቤት ወሬ ሳይመራ "በየትኛው አዋጅና በየትኛው መመሪያ ነው የምታሰሉልኝ?" ብሎ ይጠይቅ። መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

የደላላው ወሬ

አሁን ወደ ደላላው እንመለስ። ችካሉን ተከትሎ ሲመጣ የሚናገረው ነገር ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም።

"አባቴ፣ እንዴት አደሩ? ችካሉን አዩት?"

"አየሁት ልጄ። የምን ችካል ነው?"

"የመንግሥት ነዋ። ነገ ተነሺ ናችሁ ይሉዎታል። ካሳ ቢሰጡ ስንት ሊሰጡዎት! እኔ ግን ዛሬውኑ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለኝ።"

"መሬት መሸጥ ክልክል ነው ይባላል እኮ።"

"መሬት ሸጡ ማን አለ? ወረቀቱ ላይ ብድር ወሰድኩ ብለን እንጽፋለን። ካልሆነም ጎጆዬን ሸጥኩ ይላሉ። በሉ እዚች ላይ ጣትዎን ያሳርፉ፤ በቃ።"

ይህ ንግግር ሙሉ ለሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ማንም አይሰማውም ነበር። ኃይል ያገኘው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ካሳው ትንሽ መሆኑን ገበሬው ከዘመዱ ሰምቷል። "በነጻ ከሚወሰድብኝ ጥቂት ላግኝበት" ብሎ ያስባል። ደላላው የሚነግደው በመሬቱ ብቻ አይደለም፤ በፍርሃቱም ነው። ገበሬው ካሳው የሚበቃ መሆኑን ቢያምን፣ አስቀድሞ እንደሚከፈለውም ቢያውቅ ኖሮ ደላላው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ሕገ ወጥ ሽያጭን ለማስቆም የሚፈልግ አስተዳደር ካለ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል እንላለን።

የውሉን ወረቀት ደግሞ እንመርምረው። የመሬት ሽያጭ ሕግ የማያውቀው ውል ነው። ስለዚህ ገዢው መሬቱን በሕግ አይጠብቅበትም፤ ገበሬውም ያልተከፈለው ቀሪ ገንዘብ ቢኖር "የሸጥኩበትን ክፈለኝ" ብሎ ፍርድ ቤት መቆም ይቸግረዋል። ወረቀቱ ብድር የሚል ከሆነ ደግሞ ገበሬው በገዛ እጁ ባለዕዳ ሆኗል። ነገር ሲበላሽ ያ ወረቀት ይወጣና "ይህን ያህል ብር አለብህ" ይባላል። ጎጆዬን ሸጥኩ ያለም ጎጆውን ሸጧል። ወረቀት የጻፉበትን እንጂ በልብ ያሰቡትን አይናገርም።

ገዢዎቹስ እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ሀብታሞች አይደሉም። ቀን ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ወታደር የነበረ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች የቤት ሠራተኛ ናቸው። በመሐል ከተማ ኪራይ ያስለቀቃቸው ናቸው። ያጠራቀሙትን ይሰጡና በሌሊት ቤት ያቆማሉ። የጨረቃ ቤት የተባለው ለዚህ ነው።

መጨረሻው ምን እንደሚሆን በለገጣፎ ለገዳዲ ታይቷል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ያለ ፈቃድ የተሠሩና ለአረንጓዴ ቦታ በተከለለ መሬት ላይ ያረፉ ናቸው ያላቸውን ቤቶች አፈረሰ። ነዋሪዎቹ በበኩላቸው ለዓመታት ኖረናል፣ ግብር ከፍለናል፣ መብራትና ውሃ ገብቶልናል አሉ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ተጠለሉ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ከተቋቋመ በኋላም ፈረሳው በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ በኩል ቀጠለ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በሸገር ከተማ የፈረሱት ቤቶች ከ100,000 በላይ መሆናቸውን ገልጿል።

እዚህ ላይ ማን አተረፈ? ገዢው ቤቱን አጣ። ገበሬው ገንዘቡ አልቋል፤ ማሳውም ወደ እሱ አልተመለሰም። ደላላው ድርሻውን የወሰደው ጣት ወረቀቱ ላይ ባረፈበት ቀን ነው። ፍርስራሹ ላይ ቆመው የሚጨቃጨቁት ሁለት የተጎዱ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከመሐል ከተማ የተገፋ፣ ሌላው ከዳር የተገፋ። "ገበሬው አታለለኝ"፣ "መጤው መሬቴን ወሰደ" ይባባላሉ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ነገሩን የብሔር ጠብ ያደርገዋል። እኛ እንደሚታየን ግን ሁለቱም የወደቁበት ጉድጓድ አንድ ነው።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ነገር የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ደብተሩን በሳጥን ቆልፎ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ አውጥተን እናንብበው። ስማችን በትክክል ተጽፏል? የባልና የሚስት ስም ሁለቱም አለ? በአራቱም አቅጣጫ የሚያዋስኑን እነማን ተብሎ ተጽፏል? የመሬቱ ስፋት ስንት ሄክታር ይላል? ደብተሩ ላይ ግማሽ ሄክታር ተብሎ ከተጻፈ እኛ አንድ ሄክታር ብናርስም ካሳው የሚሰላው በወረቀቱ ሊሆን ይችላል። የሞተ አባት ስም ላይ ያለ ደብተርም ችካል ሲመጣ ወንድማማች ያጣላል። ስሙን ማዛወር ያለብን ዛሬ ነው፤ በዚያን ዕለት ጊዜ አይገኝም።

ንብረት ሲቆጠር በቦታው እንገኝ። ቆጣሪዎቹ "42 ባሕር ዛፍ" ብለው ሲጽፉ እኛም በደብተራችን እንጻፍ። ችግኙም ዛፍ ነው፤ ይቆጠር። ገለባውም ገንዘብ ነው። ላም ያለው ሰው የግጦሹን፣ የወተቱን ገቢ ያስታውስ። ያመረትነውንና የሸጥነውን በየዓመቱ በአንዲት ደብተር የመጻፍ ልማድ ቢኖረን "በዓመት ስንት ታገኛለህ?" ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ግምት አይሆንም። ፊደል ከቆጠርን በኋላ ከምንጽፋቸው ነገሮች ሁሉ ይህች ደብተር ብዙ ገንዘብ የምታወጣ ናት።

ደብዳቤ ሲደርሰን ቀኑን እንይ። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቅሬታ ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ አካል እንዲያመለክት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። በዚያ ካልረካ ይግባኝ ለሚሰማው ጉባኤ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አዋጁ እየተሻሻለ ስለሚሄድ በእጃችን ባለው ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ቀን ነው የሚገዛን። ቀኑ ካለፈ የቱንም ያህል እውነት ብንይዝ በሩ ይዘጋብናል። "መኸሩን ልሰብስብና እሄዳለሁ" ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። በኦሮሚያ ውስጥ ደብዳቤው በኦሮምኛ በቁቤ ተጽፎ ይመጣል። አማርኛ ብቻ የምናነብ ከሆነ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጅ እናስነብበው፤ ሁለት የተለያዩ ልጆች ቢያነቡልን ደግሞ የበለጠ ነው። አንዱ የዘለለውን ሌላው ያገኘዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መብት አለ። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት መሬታቸውን ራሳቸው ማልማት ከቻሉ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ይላል። በግልም በማኅበርም ይሆናል። አንድ ገበሬ ብቻውን ፎቅ መሥራት አይችል ይሆናል። 20 ወይም 30 ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ካሳውን አዋጥቶ፣ ከባንክ ተበድሮ የሚከራይ ሱቅ ወይም የወተት ማቀነባበሪያ ቢጠይቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀላል አይደለም፤ አቅም እንዳለን አሳዩ እንባላለን። ሳንጠይቅ ግን ማንም አይሰጠንም።

የሌላ አገር ገበሬም ይህ ነገር ደርሶበታል። በህንድ አገር፣ ምዕራብ ቤንጋል ውስጥ ሲንጉር በሚባል ቦታ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የመኪና ፋብሪካ ሊሠራ ነው ተብሎ የገበሬዎች መሬት ተወሰደ። ገበሬዎቹ ዝም አላሉም። ከፊሎቹ የካሳውን ቼክ አንቀበልም አሉ። ፋብሪካው ጥሎ ሄደ። ከ10 ዓመት በኋላ በ2016 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ እንዲመለስላቸው ፈረደ። በመካከሉም በ2013 በህንድ አዲስ ሕግ ወጣ። መሬቱ የሚወሰደው ለግል ድርጅት ከሆነ ከሚነካቸው 100 ቤተሰቦች 80ዎቹ መስማማት አለባቸው ይላል። ይህ ሕግ የኛ አገር ሕግ አይደለም። የገበሬ ፈቃድ በሕግ ሊጻፍ እንደሚችል ግን ያሳየናል። 10 ዓመት መሬቱን ሳያርስ የከረመው የሲንጉር ገበሬ የከፈለውን ዋጋም አንርሳ።

ገንዘቡ ሲመጣ

የካሳ ገንዘብ በመጣበት ሳምንት ዘመድ ይበዛል። ሚኒባስ የሚሸጥ ይመጣል። "ወፍጮ እንትከል" የሚል ይመጣል። ድግስ ይደገሳል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው መኪና ይገዛል። ከዚያ በኋላ ያለውን በየመንደሩ እናያለን። ትናንት ጤፍ ያጭድበት በነበረው ቦታ ዛሬ ቤት ተሠርቶ፣ እሱ በዚያው ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ያድራል። ሚስቱ ከዚያው ቤት ልብስ ታጥባለች።

ጥፋቱ የስንፍና አይደለም። ገበሬ እህልን ያውቃል፤ ዝናብን ያውቃል፤ ከብትን ያውቃል። አንድ ላይ የመጣ ብዙ ገንዘብ ግን አዲስ እንስሳ ነው፤ አመሉን ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ገንዘቡ በባልና በሚስት ስም ባንክ ይግባ፤ አንዱ ያለ ሌላው ፊርማ አያወጣ። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከቤት መሥሪያና ከትምህርት ቤት ወጪ በስተቀር ባይነካ ጥሩ ነው። ሚስት "እስቲ ቆይ" ስትል ብዙ ጊዜ ትክክል ናት። ልጆቹ ወጪውን የምታውቀው እሷ ናትና።

ደላላው ያመጣውን ወረቀት በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ማንበብ ያልቻለ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፍ ነበር፤ ምን እንዳሳረፈበት ሳያውቅ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በማታ ፋኖስ ይዘው የመጡት ለዚሁ ነበር፤ ወረቀት እንዳያታልላቸው። አሁን ማንበብ የቻልን ሰዎች ጮክ ብለን እናንብብ። ያልገባንን መስመር ሳናፍር እንጠይቅ። "ቸኩያለሁ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው" የሚል ደላላ ከመጣ ወረቀቱ እኛ ዘንድ ይደር እንበለው። ወረቀቱን አላሳድርም ካለ ከነወረቀቱ ይሂድ።

ለውይይት

በአንድነት ተቀምጠን የሚከተሉትን እንነጋገርባቸው። አንድ ገበሬ ግማሽ ሄክታር አለው። ባለፉት 3 ዓመታት ያገኘው ገቢ 60,000፣ 75,000 እና 70,000 ብር ነው። በ1997ቱ አዋጅ የሚወሰደው የ5 ዓመት አማካይ ነበር፤ በ2011ዱ አዋጅ የሚወሰደው የትኛው ቁጥር ነው? በ15 ሲባዛ ስንት ይሆናል? ለአንድ ካሬ ሜትር ስንት ብር ይደርሰዋል? በቀበሌያችን የይዞታ ደብተራቸው በሟች ስም ያለ ቤተሰቦች ስንት ናቸው? ለእነሱ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ማነው?